ጧሪና ቀባሪ፤ ያረጁ ወላጆችን በቤት የመጦር ልማድ በታሪክ ሲታይ

በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ ሽማግሌ ወጣቱን ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ማለቱ የቆየ ልማድ ነው። ምርቃቱ ሁለት ጸጋ በአንድ ትንፋሽ ይለምናል፤ ሰውዬው ጉልበቱ ሲከዳው የሚደግፈውን፣ ነፍሱ ስትለይም አፈር የሚያለብሰውን እንዳያጣ ነው። ሁለቱ ስሞች ዘወትር ጎን ለጎን ስለሚነገሩ ሰሚው እንደ አንድ ስም ይቀበላቸዋል። ነገር ግን መጦርና መቅበር በባሕርያቸው የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ቀብር የአንድ ቀን፣ ከነተዝካሩም ቢቆጠር የጥቂት ወራት ጉዳይ ነው፤ የሚፈጸመውም ጎረቤት ሁሉ እያየ በአደባባይ ነው። መጦር ግን ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አስቀድሞ አይታወቅም፤ የሚከናወነውም በቤት ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜም በሌሊት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው እነዚህ ሁለት ግዴታዎች በአንድ ሰው ላይ እንዴት ተጣምረው እንደ ኖሩ፣ የጥምረቱም ዋጋ በምን ይከፈል እንደ ነበር፣ በኋላም ባለፉት ሰባ ዓመታት ገደማ እንዴት እንደ ተለያዩ ነው። የምንናገረውም በተለይ ስለ ጎጃም፣ ስለ ጎንደር፣ ስለ ወሎና ስለ ሸዋ ደጋ ገበሬ ነው፤ በሌሎች የኢትዮጵያ ሕዝቦች ዘንድ ያለው ሥርዓት ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። «ጦረ» የሚለው ግሥ ከግዕዙ «ጾረ» የወረደ ነው፤ ትርጉሙም ተሸከመ፣ ቻለ፣ ታገሠ ማለት ነው። ጾር ሸክም ነው። ስለዚህ ጧሪ በጥንተ ትርጉሙ ገንዘብ ሰጪ ወይም ቀለብ ሰፋሪ ሳይሆን ተሸካሚ ነው። ዛሬ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚከፍለው ወርኃዊ ገንዘብ «ጡረታ» ሲባል የምንሰማው ይኸው ሥር ነው፤ ሆኖም ገንዘቡ ማንንም ተሸክሞ ከአልጋ ወደ ደጅ አያወጣም። ይህን ልዩነት አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለንና።

በደጋው ገበሬ ቤት ያረጀ ወላጅ የሚጦርበት መንገድ በዋናው ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ከልጆች አንዱ፣ ብዙ ጊዜም የመጨረሻው፣ ሚስት አግብቶ ከወላጆቹ ቤት ሳይወጣ ሲቀርና የእርሻውን ሥራ እየተረከበ ሲሄድ ነው። ሁለተኛው፣ ባሏ የሞተባት እናት ወይም ሚስቱ የሞተችበት አባት ወደ ልጁ ግቢ መጥቶ ለብቻው ትንሽ ጎጆ ሲቀለስለት ነው። በዚህኛው ሽማግሌው የራሱ በርና የራሱ ምድጃ ስለሚኖረው ክብሩ ይጠበቃል፤ ነገር ግን እሳቱን የሚያነድለት ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ከልጅ ልጆች አንዱ ለአያቱ ይሰጣል። ይህ ልጅ ከአያቱ ጋር ያድራል፣ ይላላካል፣ ውኃ ያቀብላል፣ ዐይኑ የታወረ እንደ ሆነም በትሩን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመራዋል። ስሙ ተላላኪ ቢሆንም በእውነቱ ምርኩዝ ነው። የልጅ ልጅን ለአያት መስጠት ብዙ ጊዜ የፍቅር ልማድ ብቻ ተደርጎ ይነገራል፤ እኛ እንደምናየው ግን የቤት ውስጥ ጡረትን ለማደራጀት ከተፈጠሩት ዘዴዎች ሁሉ እጅግ የተስፋፋው ይህ ነበር።

ሥራው ምን ምን እንደ ነበር በዝርዝር ማየት ተገቢ ነው፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙም አልነኩትምና። መኝታው ከምድጃው አጠገብ ባለው መደብ ላይ ይደለደላል፤ አሮጌ ሰው ብርድ አይችልም። ጥርሱ የረገፈ ሰው እንጀራውን በወጥ አርሰው ይፈተፍቱለታል፤ ሲታመም አጥሚት ይሞቅለታል። ልብሱ በእንዶድ ይታጠባል፤ ማታ እግሩ ይታጠባል። በሌሊት ሲነሣ የሚመራው፣ መነሣት ሲያቅተው ደግሞ የሚያነሣውና የሚያገላብጠው ሰው ይኖራል። ወደ ጠበል የሚወሰደውም በቃሬዛ ነው። ከዚህ ሁሉ ሥራ ወንዱ ልጅ የሚሠራው ቃሬዛውን መሸከም ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀሪውን የምትሠራው ሴት ልጅ፣ እርሷ ሩቅ ከተዳረችም ምራቲቱ ናት። በሽማግሌ ፊት ጧሪ ተብሎ የሚጠራው ግን ልጁ ነው፤ ስሙ የወንዱ፣ እጁ የሴቲቱ ነበር።

ለዚህ ግዴታ መሠረት የሆነው የሃይማኖት ትምህርት የታወቀ ስለ ሆነ እናሳጥረዋለን። አባትና እናትን አክብር የሚለው ትእዛዝ ለማንም አይሰወርም። መጽሐፈ ሲራክ በ3ኛው ምዕራፍ ከዚህ አልፎ፣ አባት አእምሮው ቢደክም እንኳ ልጁ እንዲታገሠውና እንዳይንቀው ያዝዛል፤ ዛሬ ሐኪሞች የመርሳት በሽታ የሚሉትን የጥንት ሰዎች ያውቁት እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን። ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት 5ኛ ምዕራፍ፣ ዘመድ ያላትን መበለት ዘመዷ ራሱ እንዲረዳት፣ ቤተ ክርስቲያን ግን ረዳት የሌላቸውን ብቻ እንድትይዝ ይወስናል። ይህ የሥራ ክፍፍል ነው፤ በአገራችንም ለብዙ ዘመን የጸናው እርሱ ነው።

ከሃይማኖቱ ይልቅ ሕጉ የበለጠ ያስደንቃል። ፍትሐ ነገሥት እ.ኤ.አ. በ1238 የግብፁ ሊቅ አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል በዓረብኛ ካጠናቀረው መጽሐፍ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ሲሆን፣ ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ያለው ክፍል በከፊል ከቢዛንታይን ሕግ የተቀዳ ነው። ከእነዚህ ምንጮች ርቆ ወደ ኋላ ለሚሄድ ሰው ንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ እ.ኤ.አ. በ542 ያወጣው ሕግ ይገኛል። ይህ ሕግ ወላጅ ልጁን ከውርስ ሊነቅልበት የሚችልበትን ምክንያት ሲዘረዝር፣ አእምሮው የተነካ ወላጅን ችላ ማለትን አንድ አድርጎ ይቈጥራል፤ ከዚያም ያልተጠበቀ ነገር ይጨምራል። ልጆቹ የተዉትን እንዲህ ያለ ወላጅ አንድ ባዕድ አይቶ ቢያዝንለት፣ ለልጆቹም በጽሑፍ ካስታወቀ በኋላ እነርሱ እንቢ ቢሉ፣ ወደ ቤቱም ወስዶ እስከ ዕለተ ሞቱ ቢጦረው፣ ወራሹ ያ ባዕድ ይሆናል። እንግዲህ ከሥጋ ይልቅ ጡረት ይበልጣል ማለት ነው። በአገራችን ባላገር ዘንድ ይህን ሕግ በስሙ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሐሳቡ ግን እንግዳ አልነበረም።

የአገራችንን ልማድ ለመረዳት ስለ ርስት ማወቅ ያስፈልጋል። ርስት በአባትም በእናትም የሚወርድ የዘር መብት ስለ ሆነ፣ ወንድም ሴትም፣ ጦረም አልጦረ፣ ከአቅኚው አባት መወለዱን መቍጠር የቻለ ሁሉ ድርሻ ይጠይቅ ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ አለን ሆበን በጎጃም በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሠራር በሰፊው ገልጾታል፤ ቤተሰብ የሚባለውም በሥጋ ዝምድና ብቻ ሳይሆን በአንድ ቤት አብሮ በመኖርና በመሥራት የሚቆም ማኅበር መሆኑን አሳይቷል። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ርስት ለዘር ሁሉ እኩል ከሆነ፣ ሌሎቹ ወንድሞች ሩቅ ሄደው ሲቀሩ አሥር ዓመት እናቱን ያገላበጠው ልጅ ምን ብልጫ ያገኛል? መልሱ በሕግ ሳይሆን በወላጁ ብልሃት ይሰጥ ነበር። ወላጅ ልጆቹን ሲድር ለየአንዳንዱ መቋቋሚያ የሚሆን መሬት ይሰጣል፤ ጠንቃቃ ሰው ግን ሁሉንም አያካፍልም። የቀረውን ከእጁ ሳያወጣ ይይዝና «ለጦረኝ ለቀበረኝ» ይላል። ይህች ቃል ተስፋም ማስፈራሪያም ናት። መሬቱን ሁሉ በጊዜው አከፋፍሎ የጨረሰ አባት ከልጁ ምድጃ ዳር ቦታ እየለመነ መኖሩ በየአገሩ ይነገር ነበር።

ልጅ ያልወለደ፣ ወይም ልጆቹ የሞቱበት ሰው ደግሞ የጡት ልጅ ያደርጋል። በሽማግሌዎችና በነፍስ አባት ፊት፣ በጡት ወይም በአውራ ጣት ላይ ማር ተቀብቶ ጡት የመጣባት ምሳሌ ይፈጸማል፤ ልጁም መሐላ ይገባል። የጡት ልጅ ሁልጊዜ ሕፃን አይደለም፤ ጺም ያበቀለ፣ ሚስት ያገባ ሰው የአንዲት አሮጊት የጡት ልጅ ሲሆን እናያለን። እንዲህ ሲሆን ነገሩ ማሳደግ ሳይሆን መጦር መሆኑ ግልጽ ነው፤ በእናትነትና በልጅነት ልብስ የተሸፈነ ውል ነው። አፍአዊ ይመስለን ይሆናል እንጂ ልብሱ ከንቱ አልነበረም። ውል ብቻ ቢሆን ጧሪው በከፋው ቀን ይሄዳል፤ ልጅ ከሆነ ግን የእርግማን ፍርሃት ይይዘዋል። በጎንደር ዘመንና ከዚያም በኋላ በየአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፉትን የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ የሚመለከቱ ጽሑፎች ዶናልድ ክራሚ በብዛት ሰብስቦ መርምሯቸዋል፤ በእነዚህ መዛግብት ሴቶች ባለመሬት ሆነው በብዛት ይታያሉ። አሮጊቷ የምትሰጠው መሬት ባይኖራት ኖሮ በጧሪዋ ላይ ምን ሥልጣን ይኖራት ነበር?

ቀባሪነት ከዚህ ጋር የተያያዘው በተዝካር ምክንያት ነው። መቅበር ጉድጓድ ማስቆፈር ብቻ አልነበረም፤ ፍትሐቱ፣ ዐርባው፣ ተዝካሩ እህልና ከብት ይጠይቃል፤ ለዚህ ሲባል መሬት በወለድ አገድ የሚያዝበት ጊዜም ነበር። ስለዚህ በውርስ ክርክር ጊዜ ዳኞችና ሽማግሌዎች ሁለት ጥያቄ ያስከትሉ ነበር፤ ማን ጦረ? ማን ቀበረ? የሁለቱም መልስ አንድ ሰው ሲሆን ክርክሩ ይቀላል። አንዱ ጦሮ፣ ሌላው ከሩቅ አገር መጥቶ በሬ አርዶ ተዝካር ያወጣ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይከፋል፤ የቀብሩን ምስክር አገር ሁሉ ሲሆን የጡረቱ ምስክር የሞተው ሰው ብቻ ነውና።

መሬት የሌለው ወይም ከልጆቹ ጋር መኖር ያልፈለገ ሰው ሌላ በር ነበረው። ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች፣ አንዳንድ ጊዜም ባልና ሚስት አብረው፣ በእርጅና ጊዜ ቆብ ጭነው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በተሠሩ ጎጆዎች ይኖሩ ነበር። በምግባሩ ምናኔ ነው፤ በኑሮው ግን የእርጅና መጠለያ ነው። እማሆይ ከምራታቸው ጋር አይጣሉም፤ ከየቤቱ የሚመጣውን ድርጎ ይመገባሉ፤ ቀብራቸውም አያሳስባቸውም። በመኳንንቱ ቤት ደግሞ ጡረት የሚደራጀው በሌላ መልክ ነበር። ያረጀ ሹም ከደመወዝና ከጡረታ ፈንታ በማደሪያ መሬት ይኖራል፤ የሚያነሣውና የሚያስተኛው፣ እግሩንም የሚያጥበው ሎሌ፣ ገረድ ወይም ባሪያ ነው። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ እስኪከለከል ድረስ በብዙ ታላላቅ ቤቶች የአሮጌ ጌቶችን ገላ የሚያጥቡት እጆች የማይከፈላቸውና እንቢ ማለት የማይችሉ ሰዎች እጆች ነበሩ። ስለ አበው መከባበር ስንጽፍ ይህን መዝለል አይገባንም።

የጥምረቱ መላላት ከከተማ ይጀምራል። በአዲስ አበባ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እኩሌታ የተስፋፋው እድር ቀባሪነትን ከዘር አውጥቶ ለጎረቤት ሰጠ። ወር በወር ጥቂት ብር የሚያዋጣ ሰው ልጅ ባይኖረውም ድንኳን ይተከልለታል፣ ሣጥን ይገዛለታል፣ አልቃሽ አያጣም። ይህ ታላቅ ፈጠራ ነው። ነገር ግን እድር በተለመደው ደንቡ የሚነቃው ሰው ሲሞት ነው፤ ሰውዬው ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ሲተኛ ጠያቂ ይልካል እንጂ ተሸካሚ አይልክም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ጊዜ አንዳንድ እድሮች በጎ ፈቃደኞችን አሰልጥነው ሕሙማንን በየቤታቸው ማስታመም ጀምረው ነበር፤ «የቤት ለቤት እንክብካቤ» የሚለው አነጋገርም የተለመደው በዚያ ጊዜ ነው። ከእነዚህ ፈቃደኞች የሚበዙት ሴቶች ነበሩ።

መንግሥት በበኩሉ የጡረትን የገንዘብ ክፍል ወሰደ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወላጅና ልጅ አንዱ ለሌላው ቀለብ እንዲሰጥ አስገደደ፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ አጸና። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጁን ከውርስ የሚነቅል ተናዛዥ ምክንያቱን በኑዛዜው እንዲገልጽ ስለሚያዝ፣ ያልጦረ ልጅን የመቅጣት የጥንቱ መንገድ አልተዘጋም። በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 209 የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ተደነገገ፤ የግል ድርጅት ሠራተኞችም በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ተመሳሳይ መብት አገኙ። ገበሬው፣ ማለትም የሕዝቡ አብዛኛው ክፍል፣ ከሁለቱም ውጭ ነው። ዳኛ ልጁን ቀለብ ክፈል ብሎ ሊፈርድበት ይችላል፤ እናትህን በሌሊት አገላብጣት ብሎ ግን ሊፈርድ አይችልም።

በገጠር የጡረትን መሠረት ከሁሉ ይልቅ ያናወጠው የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ነው። የአዋጁ ጸሐፊዎች አሮጌዎችን አልረሱም። በቅጥር ጉልበት ማሳረስን በጠቅላላው ሲከለክሉ መተዳደሪያ ለሌላት ሴት፣ ባለይዞታው ሲሞት፣ ሲታመም ወይም ሲያረጅም ለቤተሰቡ ልዩ ፈቃድ ሰጥተዋል፤ በእርጅና ምክንያት ማረስ ያልቻለውን ሰው መሬት የገበሬ ማኅበሩ እንዲያርስለትም አዘዋል። በሐሳብ ደረጃ ማኅበሩ የአካባቢው ሁሉ ጧሪ ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን ሌላም ነገር ተከተለ፤ ወጣቱ መሬት የሚጠብቀው ከአባቱ ሳይሆን ከማኅበሩ ስለ ሆነ «ለጦረኝ ለቀበረኝ» የምትለው ቃል ኃይሏ ደከመ። ሽማግሌው በምርቃትና በእርግማን ብቻ ቀረ።

ይሁን እንጂ ልማድ በሌላ በር ተመለሰ። የ1997ቱ የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 456 የይዞታ መብት ለቤተሰብ አባል በውርስ እንዲተላለፍ ሲፈቅድ፣ የቤተሰብ አባል ማለት ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት የሚኖርና መተዳደሪያውን የሚጋራ ማንኛውም ሰው ነው ብሎ ተርጉሞታል። ሥጋ ዝምድና አልጠየቀም። የሆበን ደጋ ዳሞት ቤተሰብ፣ የዩስጢንያኖስም ባዕድ ጧሪ፣ በዚህ ትርጉም ውስጥ ሳይታሰቡ ተገናኝተዋል። አዋጁ ሲሠራበት በነበረ ጊዜ ከአሮጊቷ ጋር ያደገ ተላላኪ ልጅ በአንዳንድ የወረዳ ፍርድ ቤት ቆሞ «አብሬ ኖሬያለሁ» ሲል ይጠቅስ የነበረው ይህን ነው።

በከተማ እንዲህ ያለ ትርጉም የለም። መንግሥት የእጁን ሥራ ራሱ በደመወዝ ሲያሠራው ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ ከጎንደርና ከአካባቢው የወጡት ቤተ እስራኤል ምሳሌ ይሆኑታል። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ አሮጌዎቻቸውን ይዘው ነበር የሄዱት። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1986 ወጥቶ ከ1988 ጀምሮ የተሠራበት፣ በዕብራይስጥ ሲዑድ የሚባለው ሕግ፣ ራሱን መርዳት ላቃተው ሽማግሌ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ተንከባካቢ ወደ ቤቱ ይልክለታል። ዕብራይስጥ ለማያውቁ ሽማግሌዎች አማርኛ ወይም ትግርኛ የምትናገር ከዚያው ማኅበር የወጣች ሴት ትመደባለች። በሰዓት ተከፋይ የሆነችው ሴት ሽማግሌውን አባባ ትላለች፤ እርሱም ልጄ ይላታል። የጡት ልጅ ልማድን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

በአዲስ አበባ ግን ነገሩ የሚደራጀው በቤተሰብ ምክክር ነው። ልጆች በዋሽንግተን፣ በሮም፣ በዱባይ ተበትነዋል፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በዚያ የሌላ ሰው ወላጅ እያገላበጡ ደመወዝ ይቀበላሉ። ከዚያ የሚላከው ገንዘብ እዚህ ለእናታቸው አስታማሚ ይቀጠርበታል። የምትቀጠረው ብዙ ጊዜ ከገጠር በዘመድ በኩል የመጣች ወጣት ናት፤ ቀን ትሠራለች፣ ማታ ትማራለች፣ ሌሊት ከአሮጊቷ አጠገብ ፍራሽ ዘርግታ ትተኛለች። የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንዲህ ያለውን የግል አገልግሎት ከራሱ ወሰን አውጥቶ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ ትቶታል። የሥራዋም ስም ገና አልተወሰነም። አንዳንዱ ነርስ ይላታል፣ ነርስ ባትሆንም፤ አንዳንዱ የሕፃናቱን ስም ተውሶ ሞግዚት ይላታል፤ በብዙው ቤት ግን «ልጅቷ» ናት። አሮጊቷ ባረፉ ጊዜ እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ ከባሕር ማዶ የመጣችው ልጅ በለቅሶው መካከል ትቀመጣለች፤ ለቅሶ ደራሹም እርሷን እያመለከተ «ጧሪያቸው ይህች ናት» ይባባላል። ልጅቷ በዚያ ሰዓት ወጥ ቤት ናት።